ከእግዚኦታ በፊት እርቅ

በቢቸና ገጠር ልጅ ሆነን እግዚኦታ የሚጠራው ዝናብ ሲቀር፣ ተምች ሲወርድ ወይም በሽታ ሲገባ ነበር። ለሰላም ተብሎ ሲወጣ ብዙም አላስታውስም። ሰላም በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከሰው ነው። ቄሰ ገበዙ ቀኑን ከማስነገራቸው በፊት የአጥቢያውን ጠብ አንድ በአንድ ያስቆጥሩ ነበር፤ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ማን የማንን ድንበር ገፋ፣ የማን ደም አልደረቀም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት እኛ ልጆቹ የሰማነው ከእሳቸው አፍ ነው።

አንድ ክረምት ሐምሌ ተጋምሶ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ቀረ። የጤፍ መሬቱ ታርሶ ዘር ይጠብቃል። በእኛ ሰፈር ግን ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ ቄሰ ገበዙም እነሱ ሳይታረቁ እግዚኦታ አላስጀምርም አሉ። ሽማግሌ ሲመላለስ ሰነበተ። በመጨረሻ የገዳዩ ወንድም ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተንበረከከ። የሟች አባት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ጠጋ አሉና «አያ፣ አገሩ ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቅ» አሏቸው። ሽማግሌው ብዙ ቆዩ። ዘወር ብለው ልጁን አዩት፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። «አውርዱለት፤ ከብዶታል» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እግዚኦታው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ በስንተኛው ቀን እንደመጣ ረስቻለሁ።

ያ ዘመን ደግ ብቻ ነበር አልልም። ጎጃም ጠመንጃ የሚወድ፣ ደም የሚመልስ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬ እምቢ ብሎ ተነሥቶ ብዙ ሰው አልቋል። ቢሆንም ተጣልቶ የመታረቂያው መንገድ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሞጣ ውስጥ አክስት ነበረችኝ። የግድግዳ ጎረቤቷ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነው። እግዚኦታ በወጣ ቀን እሱም ሱቁን ዘግቶ ከወገኖቹ ጋር ዱኣ ያደርጋል፤ ዝናቡ የሁሉም ነውና። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለተ ዓርብ፣ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ በተባለበት በዚያው ዕለት የሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጎረቤቷ ቤት ሄዳ ተቀመጠች። የዚያ እሑድ ቅዳሴ ላይ እንደ ወትሮው ለአገር ሰላም ተለመነ። ከቅዳሴ መልስ ወደ ጎረቤቱ የሄደ ስንት ሰው እንደነበር በኋላ ስጠይቃት «ጥቂት» ብላ ወሬ ለወጠች።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ፍልሰታ ለመግባት ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ አዲስ አበባ ያለነው እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ማወቅ አቃተን። ቢቸናም ሞጣም በመከላከያና ጫካ በወጡ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ገባ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ገደብ ከተማ የድሮን ጥቃት ደረሰ፤ ነዋሪዎች ከመቶ በላይ ሰው አለቀ ብለው ለዜና ሰዎች ተናገሩ። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር።

አሁን ለሰላም መጸለያ ቀን ሞልቷል። በጾመ ነነዌ፣ በሁዳዴ፣ በፍልሰታ፣ ሲኖዶሱ ምሕላ ባወጀ ጊዜ ሁሉ እንቆማለን፤ ባሕር ማዶ ያሉትም በስልክ ገብተው አብረውን ይሰግዳሉ። እንባው እውነተኛ ነው፤ አጠገቤ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ግን ከምሕላ ወጥተን ገና ከቅጽሩ ሳንርቅ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ከወዲያኛው ወገን የወደቀ ወጣት ፎቶ አሳየን። «እሰይ!» ያለም ነበር። የልጁ አንገት ላይ ማዕተብ ይታያል።

ቢቸና አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ። ትልቁ ልጃቸው ከጦርነቱ በፊት መከላከያ ገባ፤ ታናሹ ጫካ ወጣ። በምሕላ ጊዜ ለቄሱ የሁለቱንም የክርስትና ስም ይሰጣሉ። ቄሱ ሁለቱን አከታትለው ይጠራሉ፤ ሕዝቡም ለሁለቱም እግዚኦ ይላል። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በስሙ አይለይም። ያ ሕዝብ ልጆቹ ማንና ማን እንደሆኑ ቢነገረው እንደዚያው ድምፁን ያሰማ ይሆን? ይህን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ከአባቶች የምለምነው የምሕላው ቀን ሲቆረጥ የእርቁም ቀን አብሮ እንዲቆረጥ ነው። መስቀል ይዞ ወደ ጦር ሰፈሩም ወደ ጫካውም መሄድ አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕይወትን ያስከፍላል። በየአጥቢያው ግን ከዚያ የቀለለ አለ። በፖለቲካ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ፣ ለቅሶ የማይደራረሱ ጎረቤቶች አሉ፣ በሰው ሬሳ የሚደሰት ምእመን አለ። ቢያንስ እነሱ ከምሕላው በፊት ይጠሩ። እኔ ለምሳለምበት ደብር አስተዳዳሪ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። «በሰበካ ጉባኤው እናነሣዋለን» ብለውኛል፤ ፍልሰታ ሳይገባ ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ።