ሲሮጡ የጠቀለሉት ጎመን

ወታደርና ቤተ ሰቡ ተለያይተው የሚኖሩበት ጊዜ ረጅም መሆኑን ለዚህ ዐምድ አንባብያን መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። መለያየቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለ መገናኘቱ ግን ብዙ አይነገርም። እኛ ባልና ሚስት ዛሬ ብዕር ያነሣነው ስለዚሁ ስለ መገናኘቱ ለመጻፍ ነው። ምክንያት የሆነንም አንድ ራስ ጥቅል ጎመንና አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ነው።

ከሁለታችን አንዱ በ1976 ዓ.ም. ለወታደራዊ ትምህርት ወደ ኦዴሳ ተላከ። ኦዴሳ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ ያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ሥር የነበረች፣ ዛሬ ግን የዩክሬን የሆነች የወደብ ከተማ ናት። ሁለተኛይቱ ከሁለት ልጆች ጋር በጦር ሠፈሩ ቤት ቀረች። ስማችን ለነገሩ አያስፈልግምና በዚህ ጽሑፍ አንዱን «ሂያጁ»፣ ሌላይቱን «ቀሪዋ» እያልን እንቀጥላለን።

ሂያጁ በዚያ አገር ከለመዳቸው ምግቦች አንዱ ሩሲያውያን «ጎሉብትሲ» የሚሉት ነበር፤ ቃሉ ከርግብ ስም የመጣ ነው። ሥጋና ሩዝ በጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ በቲማቲም መረቅ ይበስላል። ሮማንያውያን ይህንኑ በኮምጣጣ ጎመን ሠርተው «ሳርማሌ» ይሉታል፤ ይኸኛው ስም መጠቅለል ከሚል የቱርክ ቃል የተገኘ ነው። ሂያጁ በአንድ የበዓል ቀን ምግቡን ሳፔራቪ ከሚባለው ጥቁር ቀይ የጆርጂያ ወይን ጠጅ ጋር ቀመሰው። በኋላ ግን በግንቦት 1977 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት መጠጥን የሚገድብ ዐዋጅ አውጥቶ የመሸጫው ሰዓት አጠረ፤ በየስፍራውም የወይን ተክል ተነቀለ። ስለዚህ የሂያጁ የወይን ጠጅ ዕውቀት ከዚያች አንዲት ብርጭቆ ብዙም አላለፈም።

በጥር 1979 ዓ.ም. ሂያጁ ተመለሰ። ሲሄድ የአምስት ወር ሕፃን የነበረው ትንሹ ልጃችን ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። አባቱን ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይሸሸጋል። በሁለተኛው ሳምንት ማታ፣ ሁላችንም በገበታ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ «ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ እናቱን ጠየቃት። ትልቋ ልጃችን ሣቀች። እኛ ግን አልሣቅንም።

በማግሥቱ እሑድ ሂያጁ ማንንም ሳያማክር ማድ ቤት ገባ። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው ተሣሣቁ። እርሱ ግን ግዳጅ እንደ ተቀበለ ሰው ይጣደፍ ነበር። ጎመኑን ሳይቀቅል ቅጠሉን በግድ ሲገነጥል ተቀደደ። ሩዙን ጥሬውን ከሥጋው ለወሰ። ጥቅልሉን አላልቶ በድስት ደረደረና ከሰሉን እያራገበ አንተከተከው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ክዳኑ ሲነሣ አንድም ጥቅልል አልነበረም፤ ቅጠሉ ለብቻ፣ ሥጋው ለብቻ ይዋኛል። ሩዙም ከጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ለክብሩ የተገዛው ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ከቲማቲሙ ኮምጣጣነት ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ የዚህ ጥፋት የመጠጡ ሳይሆን የመራጩ ነው። ያን ቀን በሽሮ በላን።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቀሪዋ የቆየ ነገር አወጣች። «ሦስት ዓመት ብቻዬን ያበሰልሁበት ምድጃ ነው። አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ገብተህ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግኸኝ» አለች። ሂያጁም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንግዳውስ እኔ ነኝ። ልጄ የማያውቀው ሰው ባዶ እጁን ከሚቀመጥ አንድ ነገር ላብላው ብዬ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። ነገር ግን ከመተኛታችን በፊት ቀሪዋ፣ «ጎመኑን በፈላ ውኃ ብትነክረው ኖሮ አይቀደድም ነበር» አለች። ዕርቁ በዚህ ተጀመረ።

በሚቀጥለው እሑድ አብረን ሠራነው። ለስድስት ሰው የሚበቃውን መጠን እነሆ፤ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥቅል ጎመን፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሩዝ፣ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ለመረቁ ስምንት የበሰለ ቲማቲምና ዘይት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የጎመኑን እንብርት በቢላዋ ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያም ራሱን እንዳለ በጨው በተፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ውጪያዊው ቅጠል ሲለሰልስ አንድ በአንድ ይለቃል። የቅጠሉ ወፍራም አከርካሪ በቢላዋ ተልጎ ይሳሳል፤ አለዚያ አይጠቀለልም።

ሩዙ አስቀድሞ ግማሽ ያህል መቀቀል አለበት። ሂያጁ ይህን የሳተው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኦዴሳ በባሕር ዳርቻ ስለሆነች ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላልና ጥሬ ሩዝ እጅግ ይዘገያል። ቆላ ለምትኖሩ እኅቶች ይህ ችግር የለባችሁም።

ሥጋው፣ ሩዙና የተቁላላው ሽንኩርት ከካሮቱ ጋር ከተለወሰ በኋላ በቅጠሉ መካከል ሁለት ማንኪያ ያህል ይደረጋል፤ ግራና ቀኙ ታጥፎ ይጠበቅና ይጠቀለላል። የተቀደዱት ቅጠሎች አይጣሉም፤ ከድስቱ ሥር ይነጠፋሉ፣ እንዳያርም ይከላከላሉ። ጥቅልሎቹ መገጣጠሚያቸው ወደ ታች ሆኖ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የቲማቲሙ መረቅ እስኪሸፍናቸው ይፈስባቸውና እንዳይንሳፈፉ ሳሕን ይጫንባቸዋል። ከዚያ በኋላ በለዘበ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መታገሥ ብቻ ነው። በጾም ወራት በሥጋው ፈንታ ድፍን ምስር ወይም እንጉዳይ ይገባል።

ስለ ወይን ጠጁ ከስሕተታችን የተማርነው ይህ ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ አብሮት የሚቀርበው መጠጥ ከእርሱ ያላነሰ ኮምጣጣነት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ መጠጡ ይለዝዛል። ስለዚህ ጣፋጩን አክሱሚት ለድኅረ ምግብ አቆይተን፣ ስኳር የሌለውን ቀዩን ጉደር ከጎመኑ ጋር እናቀርባለን። ዛሬ በዝዋይ አካባቢ ከሚመረተው ወይን የሚጠመቀውም ቀይ ለዚሁ ይሆናል። መረቁ በቲማቲም ፈንታ በእርጎ የተሠራ እንደሆነ ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ይስማማዋል። በርበሬ ከበዛበት ግን የአልኮል መጠጥ ማቃጠሉን ያብሰዋልና ቀለል ያለውን መምረጥ ይበጃል። በሞቃት ሥፍራ ያለ ፍሪጅ የምትኖሩ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ ላይ አኑሩት፤ ይቀዘቅዛል። ተከፍቶ የተረፈውም ሳይኮመጥጥ ለቀጣዩ ወጥ መረቅ ይሆናል። መጠጥ ለማይቀምስ ቤተ ሰብና በማግሥቱ ተረኛ ለሆነ ወታደር ብርዝ ወይም የሎሚ ጭማቂ በቂ ነው።

በዚያ እሑድ ስንጠቀልል ትንሹ ልጃችን በርጩማ ላይ ወጥቶ ያየን ነበር። ሂያጁ ትንሽ ቅጠል ሰጠውና ልጁ እንደ አውራ ጣት ያለች ጥቅልል ሠራ። ገበታ ሲቀርብ ያችን ጥቅልል ማንም እንዳይነካበት ጠበቃት። ከዚያም በእጁ አንሥቶ፣ «አባባ፣ ይኼ ያንተ ነው» አለ። ያ ስም ከአፉ ሲወጣ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ሂያጁ ጥቅልሏን ሳያኝክ ዋጣት፤ ቀሪዋም ብርጭቆ ለማምጣት ብላ ወደ ማድ ቤት ሄዳ ጥቂት ቆየች።

ከሩቅ ግዳጅ ለምትመለሱ ወንድሞች አንድ ምክር አለን። ያያችሁትንና የተማራችሁትን ለቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። ነገር ግን ማድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ባለቤቲቱንም አስፈቅዱ።