ከወንበር ሲወርዱ

ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ፋው የረሃድ የመስኖ እርሻ ማዕከል ናት። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ስሟ ከጥጡ ይልቅ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብና ስደት ጋር ይነሳል። በዚህች ከተማ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሹመት ላይ ማረፉ አይቀርም። ያኔ የሁለቱም አገር የሕዝብ እንደራሴ በአንድ ተረት ይፈረድበታል፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ሆዳምነት ነው። ሆኖም የክብደቱ ግማሽ ያረፈው «ሲሻር» በምትለው ቃል ላይ ነው። ለውጥ አመጣለሁ ብሎ የገባ ሰው ወንበር ጠባቂ ሆኖ የሚቀረው ሁልጊዜ ስለሚበላ አይደለም፤ ከወንበሩ ሲወርድ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅም ነው።

ከዚሁ ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከከሰላ የወጡት ሐሰን አል ቱራቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከፓሪስ የሕግ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ውይይት፣ ወታደራዊው አገዛዝ ሳይወገድ የደቡቡ ችግር እንደማይፈታ በድፍረት ተናገሩ። በዚያው ዓመት የጥቅምቱ ሕዝባዊ አመፅ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ጣለ፤ በተከታዩ ዓመት ቱራቢ በምሩቃን ድምፅ ፓርላማ ገቡ። ነገር ግን ወዲያው የኮሚኒስት ፓርቲ ሲታገድና ተመራጮቹ ከምክር ቤቱ ሲባረሩ፣ የነፃነት ተሟጋቹ ከእገዳው ደጋፊዎች ጋር ቆሙ። ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ቢወስንም ፓርላማው አልሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኒሜሪ ፓርላማውን ዘጉ፤ ቱራቢም ወኅኒ ወረዱ። ከብሔራዊው እርቅ በኋላ ግን በ1979 ያሰሯቸው የኒሜሪ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በ1989 የእርሳቸው ንቅናቄ የተመረጠውን መንግሥት በወታደር አስወገደ። በ1996 የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤነት ያዙ። በ1999 የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚገድብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲያራምዱ፣ አል በሽር ምክር ቤቱን በተኑት። የ1964ቱን ንግግር ከ35 ዓመት በኋላ ያስታወሱት ይመስላል፤ ጊዜው ግን የራሳቸው ወንበር የተነቃነቀበት ነበር።

የሱዳን ሦስት የፓርላማ ዘመናት በ1958፣ በ1969ና በ1989 በወታደር ተዘግተዋል። መውረድ ወኅኒ በሆነበት አገር እንደራሴው መጀመሪያ የሚማረው ሕግ ማውጣትን ሳይሆን አለመውረድን ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ መቅጫው ሁልጊዜ ወኅኒ ላይሆን ይችላል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከፓርቲያቸው ከተለዩ በኋላ በወጣው አዋጅ መሠረት፣ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ጥቅሙ የሚጠበቅለት ከፓርቲ ፖለቲካ ከራቀ ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን በ1997ቱ ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅማቸውም ተነሳ። በ2011 ዓ.ም. በጀርመን እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው በክብር ይጠራ ነበር። ያም ሆኖ ይህን ሁሉ ከዳር ቆሞ ለተመለከተ ወጣት ተመራጭ፣ ከክብሩ ይልቅ ቤት አልባ የመሆን ሥጋት ጎልቶ ቢታየው አያስደንቅም።

እንግዲህ ጥሩ ሰው መምረጥ ብቻውን አይበቃም። መምህሩ ወደ ክፍሉ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ጠበቃው ወደ ችሎቱ ሳይፈራ የሚመለስበት በር ካልተከፈተ፣ የተመረጠው ሁሉ እያደር ወንበሩን ይመስላል።

እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ጦርነት ያባረራቸው ሱዳናውያንም ወደ ፋውና ወደ ገዳሪፍ መጥተዋል። መመለሻ በሌለበት ከቤት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእነርሱም፣ ቀድሟቸው ለመጣው ሀበሻም ማንም አይነግራቸውም። በተሿሚው ላይ የሚፈርዱትም እነዚሁ ናቸው፤ የመውጣትን ዋጋ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና ፍርዳቸው ከሰውየው አልፎ በሩን እስከዘጋው ሥርዓት ቢደርስ ይበጃል።