ስለ ብረት ዝገት

ብረት ብርቱ ነው። መዶሻ ቢመታው በቶሎ አይሰበርም፤ ከባድ ሸክምም ቢጭኑበት ይችላል። ነገር ግን ውሃና አየር ባንድነት ሲያገኙት ይዝጋል፤ ዝገትም ድምፅ ሳያሰማ ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። ስለዚህ ብርቱውን የሚያጠፋው ሁልጊዜ ከእርሱ የበረታ ጠላት አይደለም፤ የተናቀች አንዲት ጠብታም ታጠፋዋለች።

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ገባ። ዛሬ በከተማው ምሥራቅ፣ በቦሌና በገርጂ፣ በመገናኛና በኮተቤ የሚመላለሰው መኪና እጅግ ብዙ ነው። ከእነዚህም መካከል አሮጌ ቮልስዋገኖች ይገኛሉ። የዚያ የጥንቱ ቮልስዋገን ሥራ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ተፈጸመ፤ በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪናዎችም ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከለከለ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን ጠብቆ ሊያኖር ይገባዋል።

መኪና ሳይነዳ ብዙ ጊዜ ሲቆም የነዳጁ ማጠራቀሚያ ጎደሎ ከሆነ፣ ባዶውን ስፍራ አየር ይሞላዋል። በክረምት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ጤዛ በብረቱ ላይ ያርፋል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይቀመጣል፤ ብረቱም በዚያ ይዝጋል። የዝገቱ ፍርፋሪ ከቤንዚኑ ጋራ ወርዶ ማጣሪያውንና ካርቡራተሩን ይደፍናል፤ መኪናውም ከመንገድ ላይ ይቆማል።

አንድ የገርጂ ሰው ቮልስዋገኑ በዚህ ምክንያት ቆመበት። ማጠራቀሚያውንም ፈትቶ፣ እሳት ከሌለበት ከደጅ አውጥቶ፣ ቤንዚኑን ክዳን ባለው ዕቃ ቀዳው። ወደ ቦይ ግን አልደፋውም፤ የቦሌ ጅረቶች ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳሉና፣ በታች በኩልም በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉና።

ልጁም፦ «አባባ፣ አሁን ባዶ ነው፤ ክብሪት ልጫርና ውስጡን እንየው» አለው። አባቱ ፈጥኖ እጁን ያዘውና፦ «ልጄ፣ ባዶ አይደለም። ቤንዚኑ ቢወጣ ተኑ ይቀራል። ከአየር ጋራ የተቀላቀለው ተን እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ዓይንህ ያላየውን ሁሉ የለም አትበል» ብሎ መለሰለት። ልጁም ክብሪቱን ወደ ቤት መለሰ።

ከዚያ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ማጠራቀሚያውን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጠቡት። አቼቶ የሚባለውንም ኮምጣጤ ሞሉበት። ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊደፋው ቸኮለ፤ አባቱ ግን እስከ ማግሥቱ አቆየው፤ ኮምጣጤ ዝገትን የሚያሟሟው ቀስ በቀስ ነውና። በማግሥቱ ዐሥር ብሎኖች ጨምረው ሲያናውጡት ዝገቱ ተፈርፍሮ ወጣ። ብሎኖቹን ቆጥረው እንዳስገቡ ቆጥረው አወጡ። ኮምጣጤው ብረቱን እንዳይጎዳ ለመጋገሪያ የሚሆን ሶዳ በውሃ በጥብጠው አለቀለቁት፤ ኋላም በንጹሕ ውሃ አጠቡት።

ልጁ፦ «እንግዲህ ጸድቷል፤ ነገ እናደርቀዋለን» አለ። አባቱም፦ «የጸዳ ብረት እርጥብ ሆኖ ቢያድር እንደገና ፈጥኖ ይዝጋል» ብሎ በዚያው ቀን ከፀሐይ ላይ አደረቀው። መልሶም ካሰረው በኋላ፣ አየርና ውሃ ስፍራ እንዳያገኙ ንጹሕ ቤንዚን ሞላበት። ዝገቱ ብረቱን በስቶት አልተገኘም። ተበስቶ ቢሆን ኖሮ ግን በቤት አይበየድም ነበር፤ ይህ አደጋውን የሚያውቅ የባለሙያ ሥራ ነው።

የሰውም ጠባይ እንዲሁ ነው። ጥቂት ስንፍናና ጥቂት ሐሰት በልብ ውስጥ ተሸሽገው ሲኖሩ ሰው አያያቸውም፤ በሥራ ቀን ግን መንገድ ይዘጋሉ። ክፉ ልማድን የተወ ልጅም ተውኩት ብሎ ባዶ እጁን ቢቀመጥ ልማዱ ይመለስበታል። ሰነፍ የነበረ ጊዜውን በትምህርት ይሙላ፤ ሐሰተኛ የነበረ በትንሹም ነገር እውነት መናገርን ይልመድ። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ማለታቸው ስለዚህ ነው።