ስሟን የጠራው ቤት

አስፈሪ ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችን ከቁም ነገር አንቆጥረውም። "መናፍስት ያሉበት ቤት" ሲባልማ ጭራሽ ፈገግ እንላለን። በር ሲጢጥ ይላል፣ መብራት ይጠፋል፣ አንዲት ቆንጆ ትጮኻለች፣ በቃ አለቀ። "ይሄን ለማንበብ ደግሞ ጊዜ አለህ?" ያለኝ ወዳጄ አልተሳሳተም። ኑሮው ራሱ በነፃ እያስፈራራን፣ ገንዘብ ከፍሎ መፍራት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ይሁንና ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሸርሊ ጃክሰን በ1959 ያሳተመችው "ዘ ሆንቲንግ ኦቭ ሂል ሃውስ" ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) መጽሐፉ ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት ከታጩት አንዱ ነበር። የአስፈሪ ታሪኮች ንጉሥ የሚባለው ስቲቨን ኪንግም በ1981 ባወጣው መጽሐፉ ብዙ ገጽ ሰጥቶ አወድሶታል። በ1963 እና በ1999 ፊልም ተሠርቶበታል፤ በ2018 ደግሞ ኔትፍሊክስ ስሙንና ጥቂት ገጸ ባሕርያቱን ወስዶ፣ ታሪኩን ግን እንዳለ ቀይሮ፣ ተከታታይ ድራማ አድርጎታል። ስለዚህ "አይቼዋለሁ" የምትሉ ሰዎች አንድ ጊዜ ቆይታችሁ አስቡ፤ ያያችሁት መጽሐፉን ላይሆን ይችላል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ሞንታጊው የተባሉ ምሁር "መናፍስት አሉ ወይስ የሉም?" የሚለውን በሳይንስ መንገድ ለማጥናት ያስባሉ። ሂልስዴል ከምትባል ደስታ የራቃት የገጠር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከኮረብቶች ሥር የተሠራ የ80 ዓመት ግዙፍ ቤት ለሦስት ወር ይከራያሉ። በሕይወታቸው አንድ ለየት ያለ ነገር ገጥሟቸዋል ለተባሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከነዚያ ሁሉ የሚመጡት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ኤሌኖር እና ቴዎዶራ። የቤቱ ባለቤት ዘመድ የሆነው ወጣቱ ሉክ ይጨመርና አራት ይሆናሉ። ምግብ የምታበስለው ሴትና ባሏ ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ውልቅ ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ጥንካሬውን ላውራ። ደራሲዋ መንፈሱን አንድም ጊዜ ፊት ለፊት አታሳየንም። ቤቱን ነው የምታሳየን። ዶክተሩ ሲያስረዱ፣ ቤቱን ያሠራው ሂዩ ክሬን የሚባል ሰው አንዱንም ማዕዘን ልክ አላደረገውም። እያንዳንዱ ስሕተት እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ለዓይን አይታይም። ሁሉም ሲደመር ግን በሩ ክፍት አልሆን ይላል፣ ሰው መኝታ ክፍሉ ይጠፋበታል፣ ሚዛኑን ይስታል። ይቺን ነገር ሳነብ ቆም ብዬ ነው ያሰብኩባት። ስንት ትዳር፣ ስንት መሥሪያ ቤት በዚሁ መንገድ ነው የሚጣመመው! አንድ ትልቅ ጥፋት ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ትንንሿ ጥመት ተደማምራ ግን ማንም ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል።

ሌላው ድምፁ ነው። አንድ ሌሊት ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምሮ በር በበር እየደበደበ የሚመጣ ነገር አለ። ሁለቱ ሴቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ነገርየው እነሱ በር ላይ ሲደርስ መደብደቡን ይተውና እጀታውን ይዳብሳል። ይኼው ነው፤ አይገባም። በሌላ ሌሊት ደግሞ ኤሌኖር በጨለማ የቴዎዶራን እጅ አጥብቃ ይዛ የሕፃን ልቅሶ ስትሰማ ትቆያለች። መብራቱ ሲበራ ቴዎዶራ ማዶ፣ በራሷ አልጋ ላይ ናት። እጁ የማን እንደነበር ደራሲዋ አልነገረችንም፤ እኔም አልነግራችሁም። የ1999ኙ ፊልም በኮምፒውተር የተሠራ መንፈስ በሽ በሽ አድርጎ ሲያሳየን ያልፈራነው፣ እዚህ በአንድ ገጽ የምንርበደበደው ለዚህ ነው። ያላየነውን ነገር እያንዳንዳችን በራሳችን ልክ እንሰፋዋለን።

ግን መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ይኸም አይመስለኝም። ትልቅ ያደረገችው ኤሌኖር ናት።

ኤሌኖር 32 ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ 11ዱን ያሳለፈችው የታመመች እናቷን ስታስታምም ነው። ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሳ፣ ሾርባና አጥሚት ስታቀርብ፣ የቆሸሸ ስታጥብ። እህትየው አግብታለች፣ ወልዳለች፤ ያላገባችው ቤት ቀረች። እናትየው ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል። አሁን ኤሌኖር የምትተኛው እህቷ ቤት፣ በሕፃኗ ክፍል፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። አንዲት መኪና አለች፤ ሁለቱ እህትማማቾች በጋራ የገዟት። "ልውሰዳት" ብትል እህትና ባል ከለከሏት። አንድ ጠዋት ሳትናገር አስነስታት ሄደች። በ32 ዓመቷ ለራሷ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ የግማሽ ንብረቷን መኪና መስረቅ።

መንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ ትለቃቅማለች። የድንጋይ አንበሶች በሩ ላይ የተቀመጡበት ቤት ታያለች። ምሳ የበላችበት ቤት ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ወተቷን "አልጠጣም" ብላ ታስቸግራለች፤ ቤቷ ያለው፣ ውስጡ ኮከብ የተሳለበት ኩባያዋ ካልመጣላት። ኤሌኖር በልቧ "እንዳትጠጪ!" ትላታለች። በኋላ ቴዎዶራ "የት ነው የምትኖሪው?" ስትላት፣ ነጭ መጋረጃ ስላላት፣ የድንጋይ አንበሶች ስላሏት፣ የኮከብ ኩባያ ስለነበራት ትንሽ አፓርታማ ትነግራታለች። ልብ በሉ፤ አፓርታማ የላትም። የሰው ቤት ቁርጥራጭ ገጣጥማ ቤት ሠራች። በመጽሐፉ ውስጥ መንፈስ ካለበት ገጽ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይኸ ውሸት ነው።

የሌሊቱ ድብደባም ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገባችኋል። ኤሌኖር በመጀመሪያ ስትሰማው በእንቅልፍ ልቧ እናቷ ግድግዳ የመታች መስሏት ነው የምትነሳው። በኋላ እንደምትናዘዘው፣ እናቷ የሞተች ሌሊት ግድግዳውን እየመታች ተጣርታለች፤ መድኃኒቷን የሚያመጣላት አልነበረም። ኤሌኖር አልሰማችም። ወይስ ሰምታ ተመልሳ ተኛች? ይኸን እሷም አታውቀውም። የ11 ዓመት ማስታመም በአንዲት ሌሊት እንቅልፍ ተሰረዘባት። እንግዲህ ይህች ሴት መንፈስ አስፈልጓት ነው?

ታዲያ ቤቱ ምን አደረገ? ስሟን ጠራ። ግድግዳው ላይ፣ ኤሌኖር ወደ ቤቷ እንድትመጣ እርዷት የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ሌሎቹ ደነገጡ። እሷም ደነገጠች፤ ግን ከድንጋጤው ሥር ሌላ ነገር አለ። በዚህ ዓለም ላይ ስሟን ለይቶ "ነይ" ያላት የመጀመሪያው ነገር ያ ቤት ነው። ቴዎዶራን "አብሬሽ ልኑር" ብላ ለምናት እምቢ ተብላለች። መጨረሻ ላይ ለደኅንነቷ ሲባል ከዚያ ቤት እንድትሄድ ይወስኑባታል። የምትሄድበት እንደሌላት፣ አፓርታማው ፈጠራ እንደነበር የምትናገረው ያኔ ነው። ማንም አልሰማትም። መኪናዋ ውስጥ አስገብተው "ቻው" ሲሏት፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ነዳችው። የመጀመሪያዋ የሂዩ ክሬን ሚስት ቤቱን ሳታየው፣ ልትገባ ደቂቃዎች ሲቀሯት፣ ሠረገላዋ ተገልብጦ የሞተችውም በዚሁ የግቢ መንገድ ነው። አንዷ ስትገባ፣ አንዷ ስትወጣ።

ድክመቱንም ልናገር እንጂ፤ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። አንደኛ፣ አራቱ ሰዎች ወሬ ያበዛሉ። እኔ የበሬ ተዋጊ ነኝ፣ አንቺ የመኳንንት ልጅ ነሽ እያሉ መቀላለዳቸው ሲጀመር ደስ ይላል፤ ሲደጋገም ግን "ኧረ ሌሊቱ ይምጣልን!" ያሰኛል። ሁለተኛ፣ የቤቱን ታሪክ ዶክተሩ አንድ ምሽት ተቀምጠው እንደ ክፍል ትምህርት ነው የሚያንበለብሉት። የሦስት ሚስቶች ሞትና የሁለት እህትማማቾች የውርስ ጠብ በአንድ ንግግር ሲያልፍ ያሳዝናል። ሦስተኛ፣ ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ የዶክተሩ ሚስት መናፍስት መጥሪያ መሣሪያዋን ይዛ፣ አንድ ረዳት አስከትላ ትመጣለች። የተጻፈችው ለማሳቅ ነው፤ ታስቃለችም። ሆኖም ሊፈላ የደረሰ ውኃ ላይ ቀዝቃዛ እንደመጨመር ነው። ሉክም ቢሆን እስከመጨረሻው ሰው አልሆነም፤ ቁጥር ለመሙላት እንደመጣ ይመለሳል።

አራተኛውና እኔን ያናደደኝ የገጠሩ ሰው ነገር ነው። ሂልስዴል ያለ ሰው ሁሉ ፊቱ የጠቆረ፣ ለእንግዳ የማይመች ነው። ቤት ጠባቂው በሩን ላለመክፈት ይከራከራል። ሚስቱ የምሳና የእራት ሰዓት እንደ ቴፕ ከመድገም በቀር ሥራ የላትም። እነዚህ ሰዎች ያን ቤት ዕድሜ ልካቸውን እያዩ ኖረዋል። ምን ያስባሉ? ልጆቻቸውን ምን ብለው ያስጠነቅቃሉ? አይነገረንም። ገጠሬው ለከተሜው ፍርሃት ማድመቂያ ሆኖ ቀረ። ደራሲዋ ቬርሞንት ውስጥ ኖርዝ ቤኒንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ዓመታት ኖራለች፤ ታውቃቸዋለች ማለት ነው። በ1948 ያሳተመችውና ስሟን ያስጠራው አጭር ልብ ወለዷም የመንደር ሰዎች ተሰብስበው አንዷን በድንጋይ የሚወግሩበት ነው። እዚያ ግን ቢያንስ ስምም፣ ወሬም፣ ሐሜትም ነበራቸው። እዚህ የቀራቸው ፊታቸውን ማጥቆር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ምን አገባን የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ የእኛ አገር ማስፈራሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጪ ነው ያለው። ወንዝ ዳር ነው፣ ዋርካ ሥር ነው፣ ሐይቅ ውስጥ ነው። ቤት የሚሮጥበት እንጂ የሚሸሹት አይደለም። ቡዳውም ዛሩም ቢሆኑ የሚሰፍሩት ሰው ላይ እንጂ ግድግዳ ላይ አይደለም። ቢሆንም ቋንቋችንን አድምጡት። ያገባች ሴት "ቤት ያዘች" እንላለን። ንብረት ያለውም ባለቤት ነው፣ የትዳር ጓደኛም ባለቤት ነው። ያላገባችውና ንብረት የሌላት ታዲያ የምን ባለቤት ናት? ኤሌኖርን በአማርኛ ለማስረዳት ብዙ አያስፈልግም።

ደግሞም እናውቃታለን። በየቤተሰቡ አንዲት አለች። ወንድሞቿ አገር ውጪ ናቸው፣ እህቶቿ ባል ቤት ናቸው። "እናታችንስ?" ሲባል "እሷ እኮ አለች" ይባላል። እሷ ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት ትኖራለች። እናት ታርፋለች፤ ድንኳን ይጣላል፤ እድርተኛው ይመጣል፤ ሁሉም እጇን ይዞ "አሁንስ እፎይ በይ፣ ግዴታሽን ተወጥተሻል" ይላታል። ደግ ንግግር ነው። አርባው ሲወጣ ግን ወንድምና እህት ተሰብስበው ስለ ቤቱ ይመክራሉ፤ ይሸጣል፣ ይካፈላል። ድርሻዋ ይሰጣታል፤ አንድ ክፍል ግን አይገዛላትም። ከዚያ "እኛ ጋ ትሁን፣ ልጆቹንም ታይልናለች" ይባላል። ታጣፊው አልጋ ይዘረጋል።

ሸርሊ ጃክሰን አራት ልጆች እያሳደገች ትጽፍ ነበር፤ በ1965 ስትሞት 48 ዓመቷ ነበር። የቤት ሥራ ምን እንደሚያክልና ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚነግራት አያስፈልግም። ለዚህ ይመስለኛል መናፍስቱን ሳትነግረን ሾርባውን የነገረችን። ወሬ የበዛበት፣ ገጠሬውን የበደለ፣ መሀሉ ላይ የሚቀዘቅዝ መጽሐፍ ነው፤ ግን አንብቡት። ስታነቡ በሩን ማን እየደበደበ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አትድከሙ። ይልቅ ዘመድ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለቀስተኛ ሲያስተናግድ፣ ጓዳ ሆና ብርጭቆ የምታጥበዋን ፈልጓትና "እፎይ በይ" ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት፤ "ከእንግዲህ የት ነው የምትኖሪው?" መልሷን ደግሞ ጨርሳ እስክትናገር ቆማችሁ ስሟት።