ክፍት ደጅ፣ ንቁ ጠባቂ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከምድር አፈር የተበጀው አዳም የሕይወትን እስትንፋስ የተቀበለው በአፍንጫው እንደ ሆነ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንማራለን። ያ የሕይወት ደጅ አቧራ በበዛበት ዓለም ዛሬም ሌትና ቀን ክፍት ነው። ክፍት ይሁን እንጂ ጠባቂ የለሽ አይደለም።

በአፋር በረሃ ጨው የሚጫንበትን ግመል ተመልከቱ። አሸዋ ያዘለ ነፋስ ሲነሣ አፍንጫውን አጥብቦ ይዘጋል፤ ረዣዥም ሽፋሽፍቱም ዐይኑን ይጋርዱለታል። ነፋሱ ሲያልፍ መልሶ ይከፍታል። ለእኛ እንዲህ መዝጋት አልተሰጠንም። ሆኖም በደጁ ላይ ያለው ፀጉር ትልልቁን ብናኝ ይይዛል፤ ያመለጠውን ደቃቅ አቧራ ንፍጥ ያጣብቀዋል፤ በዐይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላትም በአንድ ሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። አየሩም ሞቆና ረጥቦ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የሚቆረቁር ነገር ዘልቆ ቢገባ እንኳ ማስነጠስ አውጥቶ ይጥለዋል።

በግቢ ጉባኤ አብሮኝ የሚያገለግል አንድ ወንድም፣ «በስልኬ የማየው ነገር ጸሎቴን እየነጠቀኝ ነው፤ ትምህርቴ ደግሞ ያለ ስልክ አይሆንልኝም። ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። የብዙዎቻችን ጭንቀት ነውና የመለስሁለትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። አቧራን ፈርቶ መተንፈስን የሚተው የለም። በአፉ እየተነፈሰ ያገኘውን ሁሉ የሚስብ ደግሞ ሳንባውን ለአቧራ ያጋልጣል። ስለዚህ ክፉው ነፋስ የሚነሣብንን ሰዓት እንለይ፤ ይልቁንም ሌሊት ብቻችንን ስንሆን እንደ ግመሉ ፈጥነን እንዝጋ። በቀረው ጊዜ ሕዋሳቶቻችንን በጾምና በጸሎት እየጠበቅን ለሚጠቅመን ነገር እንክፈት።

ጥበቃውን አልፎ የገባብንንስ ምን እናድርገው? እናቶቻችን ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይላሉ። ነፍስም ያስጨነቃትን አውጥታ የምትጥልበት ንስሐ አላት፤ የሚምር አምላክም አላት። እንግዲህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ የገባብህን፣ የገባብሽን አፍናችሁ አትቆዩ። አቧራው ሳይከማች፣ ዛሬውኑ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።