ካሪ እና የሰፈራችን ልጅ



እኛ ከጦር ኃይሎች በቀላል ባቡር የምንመላለስ፣ ድሮ አንድ መድረሳ የቀራን ልጆች ነን፤ ዛሬ ሁላችንም ኢንጂነሪንግ ላይ ነን። ባቡር ጥበቃ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ የምትሳፈሩ ታውቁታላችሁ። በዚህ ሴሚስተር በዚያ ጊዜ አንድ ልቦለድ በስልክ እየተቀባበልን አነበብን፤ የአሜሪካዊው ስቴፈን ኪንግ «ካሪ»።

ካሪ ዋይት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ መሳቂያ ናት፤ ቤት ደግሞ እናቷ በሃይማኖት ስም ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች። ይህች ልጅ ዕቃ ሳትነካ በሐሳቧ ብቻ ማንቀሳቀስ እንደምትችል እየገባት ይመጣል። መጨረሻው ጥሩ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ግብዣ ላይ በሕዝብ ፊት አዋረዷት፤ እሷም ከተማውን አጠፋችው፣ ራሷም ሞተች።

ኪንግ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጽፎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሏቸው ነበር፤ አውጥታ «ቀጥል» ያለችው ሚስቱ ናት። መጽሐፉ የታተመው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ልክ በ15ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሁለቱ ነገሮች ምንም አይገናኙም። ግን ቀኑን ስናሰላ ባቡሩ ውስጥ ጮክ ብለን አወራን፤ ሰውም ዞሮ አየን።

ከመካከላችን እህቶቻችንን ያናደዳቸው ገና መጀመሪያው ነው። ካሪ ባሊግ ስትሆን ምን እንደደረሰባት አታውቅም፤ የምትሞት ይመስላታል። ጓደኞቿ ይስቁባታል። እናቷ «ኃጢአት ነው» ብላ ምንም አልነገረቻትም። እኛ ጋ ሰፊና የቀራች የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ የሐይድን ሕግ በጦሀራ ምዕራፍ ውስጥ ተምራዋለች፤ ኡስታዙም ቢሆን እንደ ማንኛውም መስአላ አንብቦ ያልፈዋል። «ሃይማኖተኛ ቤት ልጅን ያፍናል» የሚል ካለ፣ ሃይማኖት የሚለው ዕውቀቱን ነው ወይስ ድንቁርናውን ብላችሁ ጠይቁት፤ ይህ የእህቶቻችን ቃል ነው።

ወደ ኃይሉ ስንመጣ ደግሞ ክርክራችን ሌላ ሆነ። ኤሌክትሪካሉ ወንድማችን ሂሳብ ጀመረ፦ ከላያችን ያለው የባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት ነው፤ የሰው አእምሮ ጠቅላላ የሚፈጀው ወደ 20 ዋት፣ ከድሮው አምፖል ያነሰ። ጠረጴዛ የሚያነሳው ጉልበት ከየት ይመጣል? በምን በኩልስ ይሄዳል? አስማተኛው ጄምስ ራንዲ እንዲህ ያለ ችሎታ በፈተና ፊት ለሚያሳይ አንድ ሚሊዮን ዶላር አዘጋጅቶ ነበር፤ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ ገንዘቡን የወሰደ አልነበረም።

ይሁንና እኛ በገይብ እናምናለን። የሰበእን ንግሥት ዙፋን ዓይን ሳይርገበገብ ለሱለይማን (ዐ.ሰ.) ያመጣው የኪታብ ዕውቀት ያለው ሰው ነው፤ ሱረቱ ነምል ውስጥ አለ። ዑመር (ረ.ዐ.) መዲና ሚንበር ላይ ሆነው ሩቅ አገር ያለውን ሳሪያን ወደ ተራራው እንዲጠጋ እንደጠሩትም በኪታቦች ተዘግቧል። ነገር ግን ሱለይማን ዙፋኑን ሲያዩ «ይህ የጌታዬ ችሮታ ነው፣ ሊፈትነኝ» ነው ያሉት እንጂ በራሳቸው አልተመኩም። ካራማ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ በፈለጉት ሰዓት አይወጣም። በፈለገው ሰዓት የሚያወጣ፣ ዋጋም የሚጠይቅ ሌላ ስም አለው።

ይህን ሁሉ ያስነሳን ግን መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሒፍዙ ፈጣን ነው፤ አንዴ የሰማው አይጠፋውም። አንድ ቀን የጠፋ ስልክ የት እንዳለ ተናገረ፤ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሰው መድረሳው በር ላይ ይጠብቀው ጀመር። ግማሹ «ካራማ ነው» አለ፤ ግማሹ «ጂን ነው፣ ሩቅያ ይቀራበት» አለ። ተፈታኞች ምን ጥያቄ እንደሚመጣ ጠየቁት። በመጨረሻ አንዲት እናት ዓረብ አገር ሄዶ ወሬው የጠፋ ልጃቸውን ፎቶ ይዘው መጡና «በሕይወት አለ?» አሉት። ልጁ ፎቶውን ይዞ አለቀሰ።

ያን ቀን ኡስታዛችን ከዐስር በኋላ ተነስቶ ተቆጣ። ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው 40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደሌለው የሚናገረውን ሐዲስ አስታወሰ፤ «ልጃችንን ጠንቋይ ልታደርጉት ነው?» አለ። ከዚያ ለወላጆቹ የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ነገራቸው። ዩሱፍ ልጅ ሆነው አሥራ አንድ ከዋክብት፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲሰግዱላቸው በሕልም አዩ፤ አባታቸው ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ያሉት ግን «ለወንድሞችህ አትንገር» ነው። ሕልሙን አላስተባበሉም። ልጁን ግን ሸሸጉት፤ ለሰው አላቀረቡትም። ካሪ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢኖራት ብለን ተቆጨን። አንዲት ደግ የስፖርት መምህርት አለቻት፣ ግን አልበቃችም።

ልጁ በኋላ ነግሮናል፦ አባቱ ሱቅ ውስጥ ሲውል የሁሉንም ወሬ ይሰማል፤ ስልኩንም የሸሸገውን ሕፃን በዓይኑ አይቶት ነበር። አክስቱ ከክፍለ ሀገር ሳትደውል የምትመጣበትን ቀን እንዴት እንደሚያውቅ ግን እሱም አያውቅ፣ እኛም አልጠየቅነው።

አሁን 11ኛ ክፍል ነው። ፊዚክስ ከብዶታል፤ የሞመንተም ጥያቄ ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል፣ ብዙውንም ይሳሳታል። የእኚያ እናት ልጅ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። ጁሙዓ ሲሆን ዱዓ እናደርግላቸዋለን፤ እሱም ከኋላችን ሶፍ ሆኖ አሚን ይላል።