ፊኽቴን ያወቅሁበት ከተማ

የእኛ ዘመን ልጆች ሄግልን ያወቅነው ማርክስ ገለበጠው ተብሎ ነው። በውይይት ክበብ «ሃሳባዊ» መባል ስድብ ነበር፤ ጀርመኖቹ ፈላስፎች ካንትም ፊኽቴም በአንድ ትንፋሽ ተነስተው ወዲያው ይሰናበታሉ። በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ምሥራቅ ጀርመን፣ ዬና ስገባ ነው እነዚያን የተሰናበቱ ሰዎች በአገራቸው ያገኘኋቸው።

ዬናን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታዋ ነው። ብርድ ሲገባ ቤቱ ሁሉ በቡናማ ከሰል ይሞቃል፤ ጭሱ ከዛሌ ወንዝ ጉም ጋር ተቀላቅሎ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ካፖርቱም፣ ፀጉሩም፣ ደብተሩም ከሰል ከሰል ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ያስለኝ ነበር፤ ዛሬ ያ ሽታ ሽው ካለብኝ ሆዴ ይባባል።

አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን። ሐሙስ ማታ ቤታቸው ሰብስበው ፊኽቴን ያስነብቡናል። እርጥብ ካፖርታችን በሸክላው ምድጃ ጎን ይተናል፣ ባለቤታቸው ቡና ያቀርባሉ፣ እኛ አንዲት አንቀጽ ይዘን እናመሻለን። ፊኽቴ ጥብጣብ የሚሸምን ድሃ ልጅ መሆኑን የነገሩን ማታ ሰውየውን ወደድኩት። የእኔም አባት ሸማኔ ነበር፤ በመወርወሪያው ድምፅ ነው ያደግሁት።

ሌላ ማታ ደግሞ የፈላስፋውን የያኮቢን ደብዳቤ አነበቡልን። እ.ኤ.አ. በ1799 ፊኽቴ «እግዚአብሔርን ካደ» ተብሎ እዚያው ዬና የነበረውን የመምህርነት ወንበሩን ሲያጣ፣ ያኮቢ ደግሞ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። አእምሮ የሚያውቀው ራሱ የሠራውን ብቻ ከሆነ፣ በስተመጨረሻ የሚያገኘው ራሱን ነው፤ አምላክም፣ በጎነትም፣ ጎረቤትም ባዶ ይሆናሉ ይላል። ይህንንም ኒሂሊዝም አለው። ደብዳቤው ሲያልቅ የሚሰማው የምድጃው እሳት ብቻ ነበር። በጎውንና ክፉውን እኛው የፈጠርነው ከሆነ ደግነት ምን ይረባል? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው በረዶውን እየረገጥኩ ወደ ማደሪያዬ የሄድኩት።

ብዙም ሳይቆይ የአባቴ መርዶ በፖስታ መጣ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ተቀብሮ ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ ክፍል መግባትም፣ መብላትም ከንቱ ሆነብኝ። የያኮቢ ባዶነት ከገጹ ወጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ታዲያ አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌው ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ ክዳን ባለው የወተት ጣሳ ባለቤታቸው የላኩትን የድንች ሾርባ ይዘው ቆመዋል። ስለ ፍልስፍና አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ጣሳውን ተቀበሉና «ሐሙስ እንጠብቅሃለን» ብለውኝ ወረዱ።

ሐሙስ ሄድኩ። ያነበብነው ፊኽቴ በ1796 ስለ ሕግና መብት የጻፈውን ነበር። ሰው ነፃ መሆኑን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲጠራው ነው፤ ሰው የሚሆነው በሰው መካከል ነው ይላል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ እየተባለ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ አልነበረም። በ1800 ባወጣው፣ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ በሚያወሳው መጽሐፉም ከጥርጣሬ ይነሳል፤ ዕውቀት ሁሉን ወደ ባዶ ምስል ሲለውጥበት ያያል፤ መውጫውን የሚያገኘው ግን «ተነስ፣ ሥራ» በሚለው የኅሊና ድምፅ ነው። ለያኮቢ የሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ያ ምድጃ ዛሬ የለም፤ ሽማግሌውም አርፈዋል። የዬና አየር ጠርቷል፤ ፊኽቴ የኖረበት ቤትም ሙዚየም ሆኗል። ያኔ አንዲት አንቀጽ ሌሊቱን ታጋምስ ነበር፤ ዛሬ የወንድሜ ልጅ ስልኩን እየነካካ «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር እኮ ትርጉም የለውም» ይለኛል። አልቆጣውም፤ የሚያስጨንቀውን አውቀዋለሁ። እንዲህ ሲለኝ ካንት ትዝ ይለኛል፤ በ1785 ዋጋ ያለውን ነገር በሌላ መተካት ይቻላል፣ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም ብሎ ነበር። እኔም ሰው ከሁለቱ የቱ ጋ እንደሚመደብ ያወቅሁት በዚያች ከተማ ነው።

የያኮቢ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በክርክር ብቻ ሲዘጋ አላየሁም። ስለዚህ ወዳጄ፣ ያኮቢን ካነበብክ ፊኽቴንም አንብብ፤ ሁለቱንም ግን ብቻህን አታንብባቸው።